ከደስተኛ አገር የመጣችው ሴት

ሰምሃል ቅናት የሌሎች ሴቶች በሽታ ይመስላት ነበር። የወንድ ስልክ የሚበረብሩ፣ ሸሚዝ የሚያሸቱ ሴቶች ወሬ ሲነሳ፣ «በስመ አብ! ሰው እንዴት ራሱን እንዲህ ያዋርዳል?» እያለች ከንፈሯን ትመጥ ነበር። ይኸው እንግዲህ! በመጋቢት አንድ ጠዋት፣ ከእናቷ ጋር በምትኖርበት፣ ሲያትል ሬኒየር ቢች ባለው አፓርትመንታቸው፣ የመታጠቢያ ቤቱን በር ከውስጥ ቆልፋ፣ አፍንጫዋን በሰው ፎጣ ውስጥ ቀብራ ቆማለች።

ፎጣው የእዮብ ነው። የሴት ሽቶ አይሸትም፤ የሐይቅ ውኃ ነው የሚሸተው። ይህ ግን አላጽናናትም፤ እንዲያውም ባሰባት። ሽቶ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ሌሎች ሴቶች የደረሰባቸው ነገር ደረሰባት ማለት ነበር። ወዳጇን በሐይቅ ውኃ የተቀማች ሴት ግን ሰምታም አታውቅ።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው መሰለኝ።

ሰምሃል ቀን ቀን ቡሪየን ባለ የጥርስ ክሊኒክ እንግዳ ተቀባይ ናት። አማርኛውንም ትግርኛውንም እንግሊዝኛውንም እንደ ልቧ ስለምታደርገው ቅዳሜና እሑድ በአስተርጓሚነት ትሠራለች። ባለፈው መኸር አንድ የጥናት ቡድን አስተርጓሚ ይፈልጋል ተባለና ወደ ሐበሻው ኮሚዩኒቲ ሴንተር ሄደች። ጥናቱ የደስታ ጥናት ነው። አዎ፣ የደስታ! የየአገሩን ሕዝብ «ኑሯችሁ እንዴት ነው?» ብሎ ጠይቆ፣ አገሮችን አንደኛ ሁለተኛ እያለ የሚያሰልፍ ሥራ በዓለም ላይ አለ። መንግሥታትም ውጤቱን አይተው ሐሳባቸውን የሚቀይሩበት ጊዜ አለ ይባላል። አሁን ደግሞ ያንኑ ጥያቄ በሲያትል በየሰፈሩ ጠይቆ፣ ደስታ ለጎደለበት ሰፈር አረጋውያኑን ከሰዓት ከሰዓት ከቤት የሚያወጣ መኪና ለመመደብ ታስቧል።

ሥልጠናውን የሚሰጠው እዮብ ነበር፤ ማውንት ቤከር ሰፈር ሱቅ ያላቸው የአቶ ወልደጻድቅ ልጅ። ረጅም፣ ቀጭን፣ የሸሚዙን ቁልፎች አንድ ቀን እንኳ በትክክል ቆልፎ የማያውቅ ልጅ ነው። ሰሌዳው ላይ መሰላል ሳለ።

«ሶ፣ አስር እርከን አለው» አለ። «አናቱ ላይ ያለው ለናንተ ከሁሉ የተሻለው ሕይወት ነው። ታች ዜሮው ጋ ከሁሉ የከፋው። 'አሁን ስንተኛው ላይ ነዎት?' ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። ደግሞ አደራ፣ አስተርጓሚ 'እሱ እንዲህ አለ፣ እሷ እንዲህ አለች' አይልም። 'እኔ' ነው የሚለው። የሰውየው አፍ ናችሁ። ኦኬ?»

ሰምሃል ሳቋ አመለጣት።

«ምነው?» አላት።

«እናቴን መሰላል ላይ አቁመህ ቁጥር ጥሪ ብትላት፣ መሰላሉን ነቅላ ነው የምታባርርህ።»

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እዮብ ግን አልሳቀም፤ እስክሪብቶውን እንደያዘ አያት። እሷም አየችው። ማናቸውም ቀድመው ዓይናቸውን አላነሱም። አንዷ ሠልጣኝ ጉሮሮዋን ባትጠርግ ኖሮ ሥልጠናው እዚያው ላይ ባበቃ ነበር።

የመጀመሪያውን ቃለ መጠይቅ አብረው ሄዱ። አቦይ ዑቕባሚካኤል ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ሁለት እንግዳ በአንዴ ስለሚመጣላቸው ሸሚዝ ቀይረው፣ ከረባት አስረው ጠበቋቸው። ሰምሃል መሰላሉን እንደተማረችው አስረዳቻቸውና ጠየቀች።

«እና አቦይ፣ አሁን ስንተኛው ላይ ነዎት?»

«ተመስገን።»

«ከዜሮ እስከ አስር ነው አቦይ። ቁጥር ነው የሚፈልጉት።»

«ተመስገን አልኩሽ እኮ።»

«እሺ፣ ተመስገን ስንት ነው?»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው አዩዋት። «ልጄ፣ ለእግዚአብሔር ማርክ ስጠው ነው የምትይኝ?»

እዮብ ያሳለው አስመስሎ ሳቁን ዋጠ። የቡድኑ አለቆች በኋላ ባወጡት ደንብ «ተመስገን» ያለ ሰው ሁሉ ዘጠኝ ተብሎ ተያዘ። የዚያን ቀን ግን ሁለቱ ከሕንፃው ደረጃ ላይ ተቀምጠው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሳቁ ሲያበቃ እጇ እጁ ውስጥ ነበር። መቼ እንደገባ ሁለቱም አላስተዋሉም፤ ወይም አላስተዋልንም ይላሉ።

ከዚያ ወዲህማ ምን ልበላችሁ! በየቀኑ ከሥራ ስትወጣ ኮል ያደርግላታል። «ዛሬስ?» ይላል። «ተመስገን» ትላለች። «ቁጥሩስ?» «ለእግዚአብሔር ማርክ ልስጠው?» በዚህ ብቻ ግማሽ ሰዓት ይስቃሉ። አጠገባቸው የተቀመጠ ሰው ቢሰማቸው ጤነኞች አይመስሉትም። እናቷ ወይዘሮ ለተስላሴም ነገሩ ገብቷቸዋል፤ ግን አንድም ቀን አላነሱትም።

ይህን ዝምታ ለመረዳት ወይዘሮ ለተስላሴን ማወቅ ያስፈልጋል። ድሮ አዲስ አበባ፣ ጎፋ ሰፈር ሳሉ፣ ሰምሃል ሁለት ዓመት የሞላት ዕለት ግቢው በጎረቤት ሞልቶ ነበር። ወይዘሮ ለተስላሴ ያኔ ወጣት ናቸው፤ ባላቸውን ያያሉ፣ ልጃቸውን ያያሉ፣ ሰዉን ያያሉ። ልባቸው ሞላና «እኔ እንግዲህ የምለምነው ነገር የለኝም፤ ሁሉ ሞልቶልኛል» አሉ፤ ሰው ሁሉ እየሰማ። ብዙ ሳይቆይ የድንበሩ ጦርነት መጣ። ባላቸው ኤርትራዊ ነህ ተብሎ በአውቶቡስ ወደ አስመራ ተላከ። እሳቸው የመቀሌ ልጅ ስለሆኑ ልጃቸውን ይዘው ቀሩ። ዳግመኛ አልተያዩም፤ እሱ እዚያው ሞተ፣ እሳቸውም ኋላ ልጃቸውን ይዘው ሲያትል ገቡ።

የጦርነቱን ምክንያት ሌላው ይመራመርበት። ወይዘሮ ለተስላሴ ግን ያውቁታል፤ የገዛ አፋቸው ነው። ከዚያ ወዲህ «እንዴት ነሽ?» ለሚላቸው ሁሉ «አለን፣ እንዳለን ነን» ነው መልሳቸው። ሰምሃል ስትመረቅ፣ ሥራ ስታገኝ፣ እቤት ገብታ እልል ስትል «ቀስ! ይሰሙሻል» ይሏታል። «ማን ነው የሚሰማኝ ማማ?» ብትል አይመልሱም። ልጅ ደግሞ ከእናቱ የማይወርሰው ነገር የለም። ሰምሃል ሳታውቀው ደስታዋን በጓዳ በር የምታስገባ ሴት ሆነች። ለእዮብም ስለ አባቷ «አስመራ ሞተ» ከማለት ሌላ ነግራው አታውቅም።

እንዲህ እያሉ አይኖ መጣች።

አይኖ ከፊንላንድ ናት። የየአገሩን ቁጥሮች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ልክ ነው አይደለም የሚለውን የምትመረምር ተመራማሪ ናት፤ ለጥቂት ወራት ከእዮብ ጋር ልትሠራ መጣች። እዮብ ቢሮ ግድግዳው ላይ የአገሮቹ ሠንጠረዥ ተለጥፏል። ሰምሃል አንድ ቀን ቆማ አየችው። አናቱ ላይ የአይኖ አገር አለች። ኢትዮጵያን ለማግኘት ጣት ወደ ታች፣ ወደ ታች፣ አሁንም ወደ ታች መውረድ አለበት። ኤርትራ ጭራሽ የለችም።

«የአባቴ አገር የታለች?» አለች።

«ዳታ የለም» አለ እዮብ።

«ማለት የጠየቃት የለም?»

«እንደዛ በይው።»

ሰምሃል ዞር ብላ አይኖን አየቻት። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ቅቤ የተቀባ ጥቁር ዳቦ ትበላለች። ቀለም የማይነካው ፊት፣ ክርኑ ላይ የሳሳ ሹራብ፣ እና ዝም ማለት። ዝምታዋ እንኳ ያረፈ ነው። ሰው ከአንዲት ሴት ጋር ቢፎካከር አንድ ነገር ነው፤ ከአንድ አገር ጋር፣ ያውም ከአንደኛው ጋር ቢፎካከር የት ይደርሳል? ቅናት እንዲህ ሆዷ ውስጥ ገብቶ ተደላደለ።

ከዚያ «አይኖ እንዲህ አለች» የሚለው ወሬ መጣ። አይኖ ቁርስ አትዘልም። አይኖ አሳንሰር አትወድም። አንድ ቀን ደግሞ እየተደነቀ፣ «ስንተኛው ላይ ነሽ ስላት፣ ምንም ሳታስብ 'ስምንት' አለችኝ! እንዴት ደስ ይላል፣ ዝም ብሎ መናገር» አላት። ሰምሃል «ይመቻት» አለች። ያን ሳምንት እሷም ያረፈች ሴት ለመምሰል ወሰነችና አንድ እራት በሙሉ ዝም ብላ በላች። እዮብ ግንባሯን ዳሰሰ።

«ታመምሽ እንዴ?»

በማግስቱ ከሥራ ሲወስዳት ሐይቁ ዳር፣ ማውንት ቤከር ጋ ፓርክ አደረገ። ዝናቡ ያካፋል። ሞተሩን አጥፍቶ መሪውን ይዞ ቆየ። አንድ ነገር ሊል የፈለገ ሰው ትንፋሽ እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ይጀምርና ያቆማል።

«ሰሚ፣ ይሄ ሥራ አይደለም። እኔ ነኝ የምጠይቅሽ» አለ። «ከእኔ ጋር… ስንተኛው ላይ ነሽ?»

እውነቱን ልንገራችሁ? ሰምሃል በዚያች ሰዓት ከመሰላሉ አልፋ ጣሪያው ላይ ወጥታ ነበር። ምላሷ ላይ የነበረው ቁጥር አንድ ብቻ ነው። ግን ልትናገረው አፏን ስትከፍት ጎፋ ያለው ግቢ ታያት፤ ሞልቶልኛል ያለች ወጣት ሴት፣ ከዚያ አውቶቡስ። የዚያችም የስምንቷ ሴት ድምፅ መጣባት። ከስምንት በላይ ብትል ፉክክር ይመስላል፤ ስምንት ብትል ቅጂ ይመስላል። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰበችና፣

«አምስት» አለች።

«አምስት?»

«ምን አለው? ግማሽ ነው እኮ።»

እዮብ አንድ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ከዚያ «ኦኬ» ብሎ መኪናውን አስነሳ። በሥራው «ሰው የሚለው ቁጥርና የሚሰማው ነገር አንድ አይደለም» እያለ ሌላውን የሚያስተምር ሰው፣ የወደዳት ሴት አምስት ስትለው አምስቱን እንዳለ ዋጠው። ወንድ ሲባል እንዲህ ነው፤ ለሰው ያለው ብልሃት ለራሱ አይደርስም።

ስልኩ ቀነሰ። «ዛሬስ?» ማለቱ ቀረ። ሲመጣም ፀጉሩ እርጥብ ነው።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ዋኝቼ።»

«አንተ? የት?»

«ሐይቁ ውስጥ። አይኖ እያስተማረችኝ ነው። በየጠዋቱ ትገባለች።»

ይህ ልጅ ገላውን እንኳ ውኃው ካልፈላ የማይታጠብ ልጅ ነው! ሰምሃል ክሊኒክ ስትደርስ ለሥራ ባልደረባዋ ለሣህሊቱ ነገረቻት። ሣህሊቱ ጓንቷን አውልቃ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«በመጋቢት? ሌክ ዋሽንግተን?»

«አዎ።»

«የኔ እህት፣ በዚህ ብርድ ሐይቅ የሚገባ ወንድ ወይ ሞት ይፈልጋል ወይ ሴት ይፈልጋል። ሞት የሚፈልግ ይመስላል?»

በማግስቱ ሰምሃል ለክሊኒኩ አርፍዳ እንደምትገባ ነግራ፣ በባቡር ማውንት ቤከር ወርዳ፣ በእግሯ ቁልቁል ወደ ሐይቁ ሄደች። ትልቅ ዛፍ ኋላ ቆመች። አዎ፣ ዛፍ ኋላ! ያቺ ከንፈር መጣጯ ሰምሃል። ውኃው ላይ ሁለት ራስ ይታያል። አንዱ ረጋ ብሎ ይሄዳል፤ ሌላው ይጮኻል። እዮብ ነው፤ እንደ ልጅ፣ ቃል የሌለው ጩኸት ይጮኻል። አይኖም ሳቀች። ሰምሃል ያቺ ሴት ስትስቅ አይታ አታውቅም። ሳቋ ደግሞ ቆንጆ ነበር፤ ይሄ ነው ያልተቻለው።

«ከእኔ ጋር ሲሆን የሚያስጮህ ደስታ የለም ማለት ነው» አለች ለራሷ። እንባዋ መጣ፤ ከእንባዋ ጋር ንዴቷ መጣ። ፎጣው እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል፤ ሰማያዊ፣ ጫፉ የተተለተለ፣ የምታውቀው። ሮጣ አነሳችው። «ይብረድህ!» አለችና ሽቅብ ተፈተለከች። የአይኖን ፎጣ ግን አልነካችም። የሰው አገር ሰው ናት ብላ ነው መሰለኝ።

መታጠቢያ ቤት ውስጥ ያገኘናት ከዚህ በኋላ ነው።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ሆነሻል?» አሉ እናቷ በሩን እያንኳኩ።

«ምንም ማማ። እንዳለሁ ነኝ።»

ወይዘሮ ለተስላሴ ፎጣው ታጥቦ ተሰጥቶ ሲያዩት፣ «የማን ነው?» አሉ። «የክሊኒኩ ነው» አለች። የጥርስ ክሊኒክ ይህን የሚያህል ፎጣ ለምን እንደሚያስፈልገው አልጠየቁም። አጣጥፈው የልጃቸው አልጋ ላይ አስቀመጡላት።

ቅዳሜ ከሰዓት የጥናቱ ውጤት ለሕዝቡ የሚነገርበት ስብሰባ ነበረ። የኮሚዩኒቲ ሴንተሩ አዳራሽ ሞላ። ሽማግሌዎቹ ከፊት ተቀመጡ፤ አቦይ ዑቕባሚካኤል ያንኑ ከረባት አስረዋል። ወይዘሮ ለተስላሴ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ናቸው። ከከተማው አስተዳደር የመጡ ሰዎች በጎን በኩል ተደርድረዋል። እዮብ ፕሮጀክተሩ ጋ ቆሞ ያስነጥሳል፤ አፍንጫው ቲማቲም መስሏል። ሰምሃል ከሩቅ አየችው። «ይበለው» ለማለት ሞከረች፤ አልሆነላትም።

ተናጋሪዋ አይኖ ናት። አስተርጓሚዋ ማን ይሆን? እንግዲህ ዕድል ማለት ይህ ነው፤ ሰምሃል። አንድ ማይክ ለአይኖ፣ አንድ ማይክ ለእሷ፣ ትከሻ ለትከሻ። በደንቡ መሠረት «እኔ» እያለች፣ የጠላቻትን ሴት አፍ ሆና ልትናገር ነው።

አይኖ ጀመረች፤ ሰምሃል ተከተለች።

«በዚህ ቁጥር መሠረት በሲያትል ከሁሉ ደስተኞቹ እናንተ ናችሁ» አለች ሰምሃል በአይኖ ፈንታ። አዳራሹ አጉረመረመ። «ስለዚህ መኪናው ወደ ሌላ ሰፈር ይሄዳል ማለት ነው። እኔ ግን ይህን ቁጥር አላምነውም። እኔ የመጣሁት ደስተኛ ከምትባል አገር ነው። አያቴ አዲስ ምድጃ የገዛች ጊዜ መጋረጃ ዘግታ ሳምንት ሙሉ በጨለማ አብስላለች፤ ጎረቤት እንዳያይባት።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ወይዘሮ ለተስላሴ ወደ ጎረቤታቸው ዘንበል ብለው «ይቺስ የኛ ናት» አሉ። ሰምሃል ሰማቻቸው፤ ግን መተርጎሟን ቀጠለች።

«የአገሬ የፊንላንድ ሰው ደስታውን ከጎረቤት ይደብቃል፤ ለማያውቀው ጠያቂ ግን ስምንት ብሎ ይናገራል። እናንተን የጠየቃችሁ ግን የጎረቤት ልጅ ነው፤ ለጎረቤት ልጅ ደግሞ ጎደለኝ አይባልም። ሰው ለማን ምን እንደሚል ሳይጠየቅ፣ አገር ከአገር፣ ሰፈር ከሰፈር ማወዳደር ልክ አይደለም።»

አቦይ ዑቕባሚካኤል እጃቸውን አወጡ። «ልጄ፣ ይህችን ሴትዮ አንድ ነገር ጠይቂልኝ። ባል አላት?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሰምሃል እግዚአብሔርን አመሰገነች፤ ጥያቄው የአቦይ ነው፣ እሷ አፍ ብቻ ናት። በእንግሊዝኛ ጠየቀች።

አይኖ ፈገግ አለች። መልሱን ሰምሃል ተረጎመች። «ባል አለኝ። ቀዝቃዛ ውኃ ይፈራል። እዚህ ደግሞ ሌላ ፈሪ አግኝቼ እያስተማርኩ ነው።» በጣቷ እዮብን አሳየች። «እሱ ይቅር ይበለኝና ስለዚህ ሰው ልንገራችሁ። ሥራው እነዚህን ቁጥሮች ማንበብ ነው። አንድ ቀን ግን የሚወዳትን ሴት…»

ሰምሃል መተርጎሟን አቆመች። ሰው ሁሉ ያያታል። አይኖ ዓረፍተ ነገሯን ጨርሳ፣ አስተርጓሚዋ እስክትቀጥል በትሕትና ትጠብቃለች። ሴትየዋ ማን መሆኗን እዮብ አልነገራትም።

«የሚወዳትን ሴት ስንተኛው ላይ ነሽ አላት» አለች ሰምሃል በቀጭን ድምፅ። «አምስት አለችው። በእሷ ቤት አምስት ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቃትም። ቀለበቱን ኪሱ ውስጥ መልሶ ወደ ቤቱ ሄደ። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ሐይቅ ገብቶ ይጮኻል። በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ የሚጮህን ሰው ለምን ትጮኻለህ የሚለው የለም።»

እዮብ የሚገባበት ጠፍቶት ፕሮጀክተሩን ያገላብጣል። ሰምሃል ማይኩን በሁለት እጇ ይዛለች፤ እንባዋ ማይኩ ላይ ይንጠባጠባል። ከሁለተኛው ረድፍ እናቷ ተነሡ።

«ንስኺ ዲኺ?» አሉ በትግርኛ። አንቺ ነሽ እንዴ፣ ማለታቸው ነው።

ሰምሃል በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ወደ ሕዝቡ ዞረች።

«አሁን የምናገረው የአይኖን ቃል አይደለም» አለች። «እኔ ስል፣ እኔ ነኝ። አምስት ያልኩት እኔ ነኝ። ደስታ ጎድሎኝ አልነበረም። ጮክ ብዬ ካልኩት የሚወስዱብኝ መስሎኝ ነው። አባቴን እንዲያ ነው ያጣሁት ብዬ ነው ያደግኩት። ከዚያ ደግሞ ቀናሁ። በዚህች ምስኪን ሴት ቀናሁ፣ በአገሯ ቀናሁ፣ በሐይቁ ሳይቀር ቀናሁ። እዮብ፣ አምስት አይደለሁም።» ትንፋሽ ወሰደች። «አስር ነኝ።»

ተናገረችው። ቃሉ በድምፅ ማጉያው ወጥቶ አዳራሹን ሞላው። ሰምሃል ዓይኗን ጨፍና የሚመጣውን ጠበቀች። የመጣ ነገር የለም። ውጭ አውቶቡስ ቆሞ ሰው አውርዶ ሄደ።

ወይዘሮ ለተስላሴ አፋቸውን በእጃቸው እንደከደኑ ቆመዋል። ከዚያ እጃቸውን አወረዱ። በወንበሮቹ መሀል እየተጋፉ መጥተው የልጃቸውን ራስ ያዙ፤ ግንባሯ ላይ «እንትፍ! እንትፍ!» አሉባት፣ የወግ ምርቃታቸውን።

«ይኸው ተናገርሽው» አሉ፤ ድምፃቸው እየተሰበረ። «ይስሙ እንግዲህ!»

ያኔ ነው እልልታው የቀለጠው። በእልልታው መሀል አቦይ ዑቕባሚካኤል ከወንበራቸው ተነሥተው ማይኩን ከሰምሃል እጅ ተቀበሉ።

«እንግዲህ እኔም ልናገር» አሉ ወደ ከተማው ሰዎች ዞረው። «ተመስገን ያልኩት ለእግዚአብሔር ነው። ለእናንተ ከሆነ ሦስት በሉልኝ። ከረፈደ በኋላ ቤቴን የሚያንኳኳ የለም።»

የሚተረጉምላቸው ሰው ጠፋ፤ ሰምሃል እዮብ ደረት ላይ ነበረች። አይኖ ምንም ሳይገባት እያጨበጨበች «ምን አሉ? ምን አሉ?» ትላለች። ያን ቀን ሽማግሌዎቹ ተራ በተራ እየተነሡ፣ ተመስገኑን ለፈጣሪ ትተው፣ የጎደላቸውን ተናገሩ። የከተማው ሰዎችም በሌላ አስተርጓሚ አፍ፣ ቁጥሩን ሳይሆን ሰዉን እየሰሙ አመሹ።

እዮብና ሰምሃል ውጭ ወጥተው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ካፊያ ነው። እዮብ ሦስት ጊዜ አስነጠሰ።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አላት።

«ለምን አልጠየቅከኝም?»

ዝም ተባባሉ። ይህ ዝምታ ያረፈ ዝምታ ነበር፤ የማንም አገር ዝምታ አይደለም፣ የራሳቸው ነው።

«አንተስ ስንተኛው ላይ ነህ?» አለች በመጨረሻ።

«ዘጠኝ።»

ቅናቷ ተኝቶ ነበር፤ ብድግ አለ። «አንዷስ? አንዷ የት ሄደች? ማን ጋ ናት?»

«ፎጣዬ ጋ» አለ እዮብ። «የሆነ ሌባ ሰረቀኝ። ራቁቴን እየተንቀጠቀጥኩ እስከ መኪናው ሮጥኩ። አንድ ውሻ ሳይቀር አየኝ።»

ሰምሃል ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። «ፎጣው አይመለስም» አለች በጣቶቿ መሀል። «ከእንግዲህ ዳር ላይ ይዤው የምቆመው እኔ ነኝ።»

እሱም እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተና፣ እዚያ ብዙ ጊዜ የከረመችውን ትንሽ ሣጥን አወጣ።

ዛሬ ዛሬ ቅዳሜ ጠዋት ማውንት ቤከር ሐይቁ ዳር የሄደ ሰው ያያታል። ወፍራም ኮት ለብሳ፣ ጫፉ የተተለተለ ሰማያዊ ፎጣ ታቅፋ፣ ዓይኗን ከውኃው ሳትነቅል ትቆማለች። አይኖ አገሯ ከገባች ቆይታለች፤ ሰምሃል ግን ቁጥጥሯን አላላላችም፤ ዓሣውንስ ማን ያምናል? የሚያልፍ ሰው «እንዴት ነሽ?» ሲላት «ተመስገን» ትላለች። እዮብ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ ከውኃው ወጥቶ «ዛሬስ?» ሲላት ግን፣ ፎጣውን ትከሻው ላይ እየጠመጠመች ቁጥሩን ትነግረዋለች፤ ጮክ ብላ፣ ማንም እንዲሰማ።